ሳይጠጡ የሚታመም ጉበት

ከእኛ ጋር ለብዙ ዓመታት በሾፌርነት የሚያገለግሉ አንድ ወንድም አሉ። ስማቸውን አንጠቅስም፤ ታሪካቸውን ግን ለሌላው ይጠቅም እንደሆነ ብለው እንድንጽፈው ፈቅደውልናል። እኚህ ወንድም አንዱን ሳምንት ከደብረ ብርሃን ተነሥተው በጣርማ በር ታጥፈው፣ በመዘዞ በኩል ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ፣ አልፎ አልፎም እስከ ግሼ ራቤል ይዘልቃሉ። በሌላው ሳምንት ደግሞ በሙከ ጡሪና በለሚ አድርገው፣ የጀማን ቆላ ወርደውና ወጥተው መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ይገባሉ። ዘርና መድኃኒት፣ ቆርቆሮና ሠራተኛ ሲያመላልሱ ፀጉራቸው ሸብቷል። አረቄም ሆነ ጠላ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ ይህንን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክሩላቸዋል።

ከጊዜ በኋላ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንታቸው ሥር ይከብዳቸው ጀመር። ከባድ ሥራ ሳይሠሩም ይደክማቸዋል። ወደ አንድ ሆስፒታል ሄደው በአልትራሳውንድ ሲታዩ «ጉበትዎ ላይ ስብ ተከማችቷል» ተባሉ። የመረመራቸው ባለሙያ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል «መጠጥ ከጀመሩ ስንት ዓመትዎ ነው?» ሲል ጠየቃቸው። «አልጠጣም» ቢሉ የሚያምናቸው አላገኙም። ወሬውም ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈር ደርሶ ኖሮ፣ በሳምንቱ ከጉባኤው ሽማግሌዎች አንዱ ማታ ቤታቸው መጥተው፣ ሻይ ከተጠጣ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ፣ የደበቅኸን ነገር ይኖር ይሆን?» አሏቸው።

ሾፌራችን ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል በመጨረሻው ወንበር እየተቀመጡ፣ ጉባኤው ሳይበተን ቀድመው ይወጡ ነበር። ባለቤታቸው እንኳ አንድ ቀን የመኪናውን ወንበር ሥር ሲዳብሱ እንደደረሱባቸው አጫውተውናል። ዛሬ ይህንን ሲናገሩ ይስቃሉ፤ ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እኛም በጽሕፈት ቤቱ ያለነው ነገሩን ስንሰማ አንገታችንን ነቅንቀን ዝም ካልነው መካከል ነን። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በከፊል ዕዳ መክፈያ ነው።

እንግዲህ ጉበት ምን እንደሆነ ለመንዝ ሰው ማስተማር አያስፈልገንም። በግ አርዶ የማያውቅ ቤት የለም። ጥሩ ጉበት ጠቆር ያለ ቀይ፣ ለስላሳ፣ ጠርዙም ስለት ያለው ነው። ረግረግ ላይ የጋጠ በግ ከሆነ ደግሞ ቱቦዎቹ ጠጥረው፣ ውስጣቸው ጠፍጣፋ ትል ይገኝና ለውሻ ይጣላል። ብዙ ጊዜ ታስሮ የሰባ ሙክት ሲታረድ ጉበቱ አንዳንድ ጊዜ ፈዘዝ ብሎ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ቢላዋውም ላይ ቅባት ይቀራል። ሐኪሞች «ስብ የያዘ ጉበት» የሚሉት የሰው ሕመምም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከጉበት ሕዋሳት ከ100 አምስቱ ወይም ከዚያ በላይ ስብ ቋጥረው ሲገኙ ያን ጊዜ በሽታ ይባላል።

የጎልማሳ ሰው ጉበት 1.5 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ተሸሽጎ ይቀመጣል። የበላነው ምግብ በአንጀት ከተፈጨ በኋላ በደም ተጭኖ በመጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ጉበት መርዙን ያጣራል፤ ሐሞት ያመነጫል፤ ደም ሲፈስ የሚያረጉትን ነገሮች ይሠራል፤ ከምንም በላይ ግን የቤቱ ጎተራ ጠባቂ ነው። ስንበላ ከደማችን ውስጥ የተረፈውን ስኳር ሰብስቦ ያስቀምጣል፤ ሌሊት ስንተኛ ደግሞ እየቆነጠረ ለአንጎልና ለሌላው አካል ያድላል። የእሱ ጎተራ ግን ትንሽ ነው፤ የሚይዘው 100 ግራም ያህል ነው። ትልቁ ጎተራ ያለው በጡንቻዎቻችን ውስጥ ነው፤ በእግር፣ በጭን፣ በወገብና በክንድ፤ እሱም የጉበቱን ብዙ እጥፍ ይይዛል።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። አንድ ገበሬ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ የጡንቻው ጎተራ ባዶ ነው። ራት ሲበላ ስኳሩ በቀጥታ ወደዚያ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዋለ ሰው ግን የጡንቻው ጎተራ ከትናንት ጀምሮ እንደሞላ ነው። አዲስ የመጣው እህል መግቢያ ያጣል። ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር እየጨመረ በሩን ቢያንኳኳም ጡንቻ አይከፍትም። ያን ጊዜ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጉበት ይመለሳል፤ የጉበትም ትንሽ ጎተራ ስለሞላ፣ ጉበት የተረፈውን ስኳር ወደ ስብ ለውጦ በራሱ ሕዋሳት ውስጥ ማጎር ይጀምራል። ከዚህም ሌላ፣ የማይንቀሳቀስ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስብ የሚያነሣበት ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ መቀመጥ ራሱ ጉበትን አይመታም፤ መቀመጥ የጡንቻን በር ይዘጋል፤ ቅጣቱን የሚቀበለው ግን ጉበት ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ከ139,000 በላይ ሰዎችን ያጠኑ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ፣ በቀን 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቀመጡት ከ5 ሰዓት በታች ከሚቀመጡት ይልቅ ስብ የያዘ ጉበት በ9 ከመቶ ያህል በብዛት ተገኝቶባቸዋል። ቀጫጭኖቹም እንኳ ከዚህ ነፃ አልነበሩም። 9 ከመቶ ትንሽ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ብቻውን ትልቅ አይደለም። ነገር ግን በየቀኑ፣ በየዓመቱ፣ ከለስላሳ መጠጥና ከዕንቅልፍ ማጣት ጋር ሲደመር ሌላ ነው። ወደ ኋላ ስንሄድም እ.ኤ.አ. በ1953 በእንግሊዝ አገር ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የለንደን አውቶቡስ ሾፌሮችንና ቲኬት ቆራጮችን አስተያይተው ነበር። ሁለቱም አንድ አውቶቡስ ላይ ይውላሉ፤ አንድ ዓይነት ደመወዝተኞች ናቸው። ነገር ግን ሾፌሩ ተቀምጦ ይውላል፤ ቲኬት ቆራጩ የፎቁን ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም ይበልጥ የታየው በሾፌሮቹ ላይ ነበር። የሞሪስ ጥናት ስለ ልብ እንጂ ስለ ጉበት አልነበረም። የእኛ ሾፌር ግን ይህን ስናነብላቸው «እንግዲህ ረዳቴ ከእኔ የተሻለ ዕድሜ አለው ማለት ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ከአንባቢዎቻችን አንዱ «ይህ የፈረንጅ በሽታ አይደለም ወይ? መንዝ ማን ተቀምጦ ይውላል?» ሊለን ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ገብስና ባቄላ የሚያርስ፣ ከብትና በግ የሚከተል፣ ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን የሚራመድ ሰው እንቅስቃሴ አነሰው አይባልም። ከምንጭ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ፣ ኩበት የምትለቅም፣ የምትፈጭና ሱፍ የምትፈትል እናት ዘንድ ሄደን «ስፖርት ይሥሩ» ብንላት ስድብ ነው። ለእሷ የጎደላት እንቅስቃሴ ሳይሆን ዕረፍት ነው። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ምክር የሚያድል የጤና ትምህርት እንዳይኖረን የፕሮጀክት ሠራተኞቻችንን አደራ እንላለን።

ሆኖም ግን ደጋው እንደ ቀድሞው አይደለም። መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ዛሬ ቢሮ፣ ሱቅ፣ ትምህርት ቤትና ባጃጅ ያላቸው ከተሞች ናቸው። መምህሩ፣ የወረዳው ጸሐፊ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ባና የሚሸምነው ሸማኔ፣ የልብስ ሰፊው፣ ሁሉም ተቀምጠው ይውላሉ። የገበሬው ልጅ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ሄዶ ዘበኛ ወይም ሾፌር ሲሆን፣ ይዞት የሚሄደው የገበሬ አበላል ነው፤ ጥሎት የሚሄደው የገበሬ ሥራ ነው። ይህ ሁለቱ ተለያይተው ሲገኙ ነው ጉበት የሚቸገረው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑን ወደ እስራኤል የሄዱት ወገኖቻችን ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። አብዛኞቹ ከጎንደር ገጠር በእግር ሱዳን ደርሰው በ1977 ዓ.ም. የተጓዙ፣ ከዚያም በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሆነው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተወሰዱ ናቸው። ሲደርሱ ቀጫጭን ገበሬዎችና አንጥረኞች ነበሩ። በመጀመሪያው ጉዞ የሄዱት ጥቂት ዓመታት እንደተቀመጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ የሐኪሞች ጥናት በወጣቶቹ ሳይቀር የስኳር በሽታ ከተጠበቀው በላይ መታየቱን ገለጸ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም በእነዚህ ወገኖች ላይ የስኳር በሽታው እንደ ሌላው ሰው እስኪወፍሩ እንደማይጠብቅ አሳይተዋል። የተለወጠው ምግቡም ሥራውም ስለሆነ አንዱን ብቻ ከሰን ሌላውን ነፃ ማውጣት አንችልም። ግን የስኳር በሽታና ስብ የያዘ ጉበት አንድ ማሕፀን የወጡ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ባለበት ሌላውን መፈለግ ተገቢ ነው። የሩቅ አገር ታሪክ የሚመስለው ይህ ነገር በአንድ ትውልድ ውስጥ ከገጠር ወደ ከተማ በገባ በማንኛውም ቤተሰብ ሊደርስ ይችላል።

ዛሬ በዓለም ላይ ካሉ ጎልማሶች ከ10 ሦስት ያህሉ ይህ ስብ በጉበታቸው እንዳለ ይገመታል። ብዙዎቹ አያውቁትም፤ ምክንያቱም ጉበት ቶሎ አይጮኽም። የአብዛኛውም ሰው በዚያው ተወስኖ ይቀራል። በአንዳንዱ ግን ስቡ ያቆስላል፤ ቁስሉ ይጠግግና ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳውም ሲበዛ ጉበት ይጠነክራል፤ ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት ነው። ለካንሰርም መንገድ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም የጉበት ሐኪሞች የበሽታውን ስም ለውጠውታል። የቀድሞው ስም «ከመጠጥ ያልመጣ» እያለ የሚጠራው ሲሆን፣ አዲሱ በሰውነት ውስጥ ከሚደረገው የምግብ ልውውጥ መዛባት ጋር አያይዞ ይጠራዋል። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የቀድሞው ስም በሽተኛን የሚያሳፍር መሆኑ ነው። ሾፌራችን ይህንን ሲሰሙ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው «ሐኪሞቹም ደርሰውበታል ማለት ነዋ» አሉ።

ይህን ስንል መጠጥ ንጹሕ ነው ማለታችን እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። በደጋው ብርድ አረቄ ለማሞቂያ ይባላል፤ ግን አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ጉበቱን ያቃጥላል፤ ተቀምጦ የሚውል ከሆነም ሁለቱ ይደራረባሉ። በሀገራችን ከሁሉ ይልቅ ጉበትን የሚጎዳው ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ መሆኑንም መርሳት የለብንም። ለዚህ ክትባቱ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት ከሌሎች ክትባቶች ጋር እየተሰጠ ነው፤ እናቶች ቀጠሮ እንዳያሳልፉ። ዓይን ሲቢጫ ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» ብሎ በእሳት የሚያስተኩሰውና ቅጠል የሚያጠጣው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ አንዳንዱ ቅጠል ደግሞ ራሱ ጉበት የሚመርዝ ሊሆን ይችላል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በአንድ አካባቢ ብዙ ሰው ሆዱ እያበጠ ሲሞት ምክንያቱ ለዓመታት ተሰውሮ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ከእህል ጋር የሚቀላቀል የአረም መርዝ መሆኑ ተደረሰበት። በሐረር ሆስፒታል የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም ጫት መቃም ከከረመ የጉበት በሽታ ጋር መያያዙን አሳይቷል። እንግዲህ ጉበቱ የታመመን ሰው አይተን «ጠጪ ነው» ብለን የምንፈርደው ከእነዚህ ሁሉ መካከል የትኛውን አውቀን ነው?

ረኀብም ራሱ ጉበትን ያሰባል ብንላችሁ ትደነቁ ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋን ጨምሮ ሀገሪቱን የመታውን ረኀብ የሚያስታውሱ ሠራተኞች፣ እግራቸውና ፊታቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው የሳሳና የቀላ ሕፃናትን አይረሱም። ሐኪሟ ሲሲሊ ዊልያምስ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በዛሬይቱ ጋና ላይ አይታ ክዋሺዮርኮር ብላ የጻፈችው ያ በሽታ አንዱ ምልክቱ በስብ የተሞላ ትልቅ ጉበት ነው። ጉበት ስብን ጠቅልሎ ወደ ውጭ የሚልክበት ፕሮቲን ሲያጣ ስቡ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ «ጉበቴን ላቅጥን» ብሎ ምግብን በድንገት መተው መፍትሔ አይሆንም። በአንድ ቤት አያት ተርቦ፣ የልጅ ልጅ ጠግቦ አንድ ዓይነት ጉበት ሊኖራቸው የሚችልበት ዘመን ላይ ነን።

አሁን ወደ ዕንቅልፍ እንምጣ። ጉበት የራሱ ሰዓት አለው። ይህ ምሳሌ አይደለም፤ በሕዋሳቱ ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚቆጥር ሥራ አለ፤ ይህንንም ሰዓት የሚያስተካክለው በተለይ የምንበላበት ጊዜ ነው። ቀን የሚያከማቸውን ሌሊት ያወጣል። ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ራት ሲበላ፣ ጉበት ሊያወጣ በተዘጋጀበት ሰዓት እንደገና አስገባ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ 11 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለ6 ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። በስድስት ሌሊት ብቻ ሰውነታቸው ስኳርን የሚያስተናግድበት ኃይል ቀንሶ ተገኘ። በቻይና ጓንግዡ ከተማ ከ5,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ደግሞ ዘግይቶ መተኛት፣ ማንኮራፋትና ቀን ላይ ከ30 ደቂቃ በላይ ማሸለብ ከስብ ጉበት ጋር እንደሚሄዱ አሳይቷል።

ማንኮራፋትን እንደ ቀልድ አንመልከተው። በኃይል የሚያንኮራፋ፣ በመካከል ትንፋሹ እየቆመ እንደገና «ኽህ» ብሎ የሚነሣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ አየር እያጠረው ያድራል። ጉበትም የአየር እጥረቱ ተካፋይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጧት ሲነሣ ራሱን ያመዋል፤ ቀን ላይ ስብሰባ ውስጥ ያንቀላፋል። ሰውየው ራሱ አያውቅም፤ የምታውቀው ሚስቱ ናት። ስለዚህ ባል ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ሚስትም አብራ ብትሄድና ብትናገር መልካም ነው።

በመንዝ የድንጋይ ቤት የሚኖር ሰው ለዚህ ነገር ከእኛ ይሻላል። ውርጩ ራሱ በጊዜ ያስገባል፤ እሳት ዳር ራት ተበልቶ፣ መደብ ላይ ባናና ደበሎ ተደርቦ ይተኛል። ዕንቅልፉን የሚነሣው ቁንጫና ትኋን፣ ወይም በረት የሚዞር ጅብ ነው። የከተማ ሰው ግን ቁንጫውን አጥፍቶ ስልኩን ይዞ ይተኛል። ዘበኞቻችን፣ የሌሊት ተረኛ ነርሶቻችን፣ ሌሊት ተጉዘው ጧት መሪ የሚይዙ ሾፌሮቻችን ደግሞ ወደው አይደለም የሚነቁት፤ እነሱን ተኙ ከማለት ይልቅ የሥራ ተራቸውን ማስተካከል የኃላፊዎች ፋንታ ነው። ጉባኤዎቻችንም የአዳር ጸሎት ባደረጉ ማግሥት ሰው እንዲያርፍ ቢፈቅዱ፣ በተለይ ሾፌርና ሐኪም የሆኑትን ወዲያው ወደ ሥራ ባይልኩ እንመክራለን። አዋቂ ሰው በሌሊት 7 ሰዓት ያህል መተኛት ይገባዋል።

ለመሆኑ ምን ያህል እንቅስቃሴ ይበቃል? የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ይኸውም ፈጠን ብሎ መራመድን የመሰለ፣ በቂ ነው ይላል፤ የመቀመጫንም ጊዜ መቀነስ ያሳስባል። ደስ የሚያሰኘው ነገር ጉበት ምሕረት የሚያውቅ አካል መሆኑ ነው። በአውስትራሊያ ሲድኒ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ወፍራም ሰዎች ለ4 ሳምንት ብስክሌት እንዲነዱ ተደረገ። ክብደታቸው አልቀነሰም፤ በጉበታቸው ውስጥ የነበረው ስብ ግን በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። ስለዚህ ሚዛን ላይ ቆሞ «ምንም አልተለወጥሁም» ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ወፍራም የሆነ ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ ከክብደቱ ከ100 ሰባት እስከ አሥር እጁን ቢቀንስ የጉበቱ ቁስል እንኳ ሊሻለው ይችላል።

የእኛ ሠራተኞች ግን ጊዜ የለንም ይላሉ። በጽሕፈት ቤታችን አንድ ቀን ሰዓት ይዘን ቆጠርን፦ በመኪና 3 ሰዓት፣ በስብሰባ 4 ሰዓት፣ በጠረጴዛ 3 ሰዓት ተኩል። ከአሥር ሰዓት በላይ ነው። በየሻይ ዕረፍቱም ለስላሳ መጠጥና ቦንቦሊኖ ቀርቦልን ነበር፤ ያም የቀረበው ስለ ምግብ ዋስትና በተጠራ ስብሰባ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ነገር ሞክረናል። በስብሰባ መካከል በየሰዓቱ ተነሥቶ አምስት ደቂቃ ግቢውን መዞር፣ ከመኪናው አንድ ኪሎ ሜትር ቀድሞ ወርዶ ወደ ቀበሌው በእግር መሄድ፣ ለስላሳውን በውሃና ስኳር በሌለው ቡና መተካት። ቡና ጉበትን እንደሚረዳ ብዙ ጥናቶች ያመለክታሉ፤ ግን ማታ የሚጠጣ ቡና ከዕንቅልፍ ስለሚጣላ ከቀትር በኋላ ባይበዛ። ገበሬ መጎብኘትም መስኩን ዞሮ እንጂ መኪናው ደጃፍ ላይ ቆሞ አይሁን ብለናል፤ ይህኛው ከጉበትም አልፎ ለሥራችን የበጀ ይመስለናል።

ሾፌራችንን ያነቃቸው ግን የእኛ ንባብ አልነበረም። አንድ ቀን በጌራ ምድር ሠራተኞቹ ስብሰባ ገብተው እሳቸው መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ፣ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ከቤታቸው ጥግ ላሰሩት ሙክት አተላና ክክ ሲያቀርቡ አዩ። «አባባ፣ ስንት ጊዜው ነው?» ብለው ጠየቁ። «ሦስት ወሩ ነው ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ለምን አይለቁትም? ሣሩ እኮ ሞልቷል።» «ከለቀቅሁትማ ያበላሁትን ሜዳ ላይ ይጨርሰዋል! ታስሮ ነው እንጂ የሚሰባው።» ሾፌራችን «ያን ጊዜ የደኅንነት ቀበቶዬን አየሁት፤ ከዚያ ፈታሁና ወረድሁ» ይላሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራተኛ በሚጠብቁበት ሰዓት መኪና ውስጥ አይቀመጡም። ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥተው ይራመዳሉ፤ መሐል ሜዳ ከሆነ ገበያውን አልፈው፣ ዓለም ከተማ ከሆነ ወደ ገደሉ አፋፍ። በመንገድ ላይ ራታቸውን ከምሽቱ 4 ሰዓት መብላት ትተው 1 ሰዓት ላይ ይበላሉ። ማታ መንዳትንም ከኃላፊያቸው ጋር ተነጋግረው ቀንሰዋል፤ ይህ በመጀመሪያ ጭቅጭቅ አስነሥቶ እንደነበር አንደብቅም።

ዓይኑ የቢጫ፣ ሆዱ ውሃ የቋጠረ፣ ደም የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ካለ ግን በእግር መራመድን አትምከሩት። ሳይውል ሳያድር በዓለም ከተማ ወደ እናት ሆስፒታል፣ ወይም ወደ መሐል ሜዳና ደብረ ብርሃን ሆስፒታሎች ውሰዱት። የስኳር በሽታ ያለበት፣ ወገቡ የሰፋና ደም ግፊት ያለበትም ምንም ሳያመው ጉበቱን ቢታይ ይበጀዋል።

ሾፌራችን ከዘጠኝ ወር በኋላ በሌላ ቦታ በአልትራሳውንድ ታይተው ስቡ በግልጽ መቀነሱ ተነግሯቸዋል። ወረቀቱን አጥፈው በኪሳቸው ይዘው እሑድ ወደ ጉባኤው ሄዱ፤ ነገር ግን ለማንም አላሳዩም። ያ ማታ ቤታቸው የመጡት ሽማግሌ ግን ነገሩን ከእኛ ሰምተው ኖሮ፣ ከጉባኤው በኋላ በር ላይ ጠብቀው ይቅርታ ጠየቋቸው። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እሳቸውም ቁጭ ብለው መዋል ከጀመሩ ስድስት ዓመታቸው ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ሁለቱን በደብረ ብርሃን ዳርቻ በብርዱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲራመዱ የሚያገኛቸው ሰው አለ።